የመድኃኒት ዕፅዋት፦ ከጠርሙስ ወይስ ከማሳ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የመድኃኒት ዕፅዋትን ከመጥፋት ለማዳን ገንዘቡም ጉልበቱም ወደ ቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ ይሂድ።» ቲሹ ካልቸር ማለት የተክል ቁራጭን ወይም ህዋስን ጠርሙስ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ማሳደግ ነው። ደጋፊዋ ዕፅዋትን በላቦራቶሪ የምታባዛ ባለሙያ ናት። ተቃዋሚው የመድኃኒት ዕፅዋትን በማሳ ያለማል።

ደጋፊ፦ ቅጠሉ የተቀጠፈ ተክል መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ከተነቀለ ወይም ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ግን አለቀለት። ብዙ ተፈላጊ መድኃኒት ደግሞ ያለው እዚያው ሥርና ቅርፊት ውስጥ ነው። ታክሶልን እናንሳ። ይህ የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከፓሲፊክ ዩ ዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ የሚያድገው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው መድኃኒትም እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ብዙዎች «ዛፉ ይበቃል ወይ?» ብለው ተጨንቀው ነበር። ዛሬ የዩ ዛፍ ህዋሳት ፈርመንተር በሚባሉ ትልልቅ ጋኖች ውስጥ እየተባዙ ታክሶል ከእነሱ ይወጣል። ለዚህ አንድም ዛፍ አይላጥም። ይህን እያየን ጫካውን ማራቆት ለምን?

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ያነሱት ከተሳካላቸው ጥቂቶች አንዱን ነው። ተክል መድኃኒቱን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ነፍሳት ሲበሉት፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው፣ ውሃ ሲጠማው ራሱን ሊከላከል ነው። ጠርሙስ ውስጥ ስኳር እየቀረበለት፣ ጠላት ሳያይ ያደገ ለምን ይደክማል? አርቴሚሲኒንን ይመልከቱ። ይህ የወባ መድኃኒት የሚከማቸው በአርቴሚሲያ ቅጠል ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ ነው። ካለስ፣ ማለትም ገና ሥርም ቅጠልም ያልሆነው የህዋስ ክምር፣ እጢ የለውም። ስለዚህ አርቴሚሲኒኑ ወይ አይገኝበትም ወይ ኢምንት ነው። ለካንሰር የሚሰጠው ቪንብላስቲንም በላቦራቶሪ ብዙ ተሞክሮበት ዛሬም የሚወጣው ማሳ ላይ ካደገ ቅጠል ነው።

ደጋፊ፦ ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ነው። ህዋስን ጋን ውስጥ አሳድጎ መድኃኒቱን ማውጣት አንድ ሥራ ነው። ችግኝ አባዝቶ ወደ ማሳ መላክ ሌላ ነው። እኔ በአብዛኛው የምሠራው ሁለተኛውን ነው። የቀንበጥ ጫፍ ቆርጬ ከጀርም አጸዳለሁ። ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ባለው ምግብ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ይበዛል፣ እከፋፍለዋለሁ፣ ደግሞ ይበዛል። ሥር ሲያወጣ ወደ እርስዎ ማሳ ይሄዳል። ፀሐዩንም ነፍሳቱንም እዚያ ያገኛል። እጢውንም ያበቅላል። ደግሞ ከዘር የበቀለ አርቴሚሲያ አንዱ መድኃኒቱ ይበዛለታል፣ አንዱ ያንሰዋል። እኔ የበዛለትን መርጬ አባዛለሁ።

ተቃዋሚ፦ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ማሳው ሙሉ የአንዲት እናት ቅጂ ከሆነ፣ እሷን የሚጥል በሽታ ሁሉንም ይጥላል። መንገዱም ቀላል አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ አየሩ እርጥብ ነው። ስለዚህ የቅጠሉ ሰም ስስ ይሆናል፣ የአየር ቀዳዳዎቹም በደንብ አይዘጉም። ደረቅ አየር ሲነካው ወዲያው ይጠወልጋል። የማላመዱ ጊዜ ላይ የሚሞተውን ችግኝ ማን ይቆጥረዋል? በካለስ በኩል ያለፈ ደግሞ ባሕርዩ ሊለወጥ ይችላል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ችግር ነው።

ደጋፊ፦ ለዚህ ነው በካለስ በኩል የማላልፈው። ከቀንበጥ በቀጥታ ሲባዛ የመለወጥ ዕድሉ በጣም ያንሳል። የአንድ እናት ነገር ግን እውነተኛ ስጋት ነው። መፍትሔውም ከብዙ እናቶች ቁራጭ መውሰድና እያንዳንዱን መዝግቦ መያዝ ነው። ዘሩ በቀላሉ የሚበቅል ተክል ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፣ ይህንንም እቀበላለሁ። ዘር የማይሰጠው፣ ወይም ጫካ ውስጥ ጥቂት ግንድ ብቻ የቀረውስ? እሱን በማሳ ብቻ ለማብዛት ስንጠብቅ ያልቃል። ላቦራቶሪ ግን የቀንበጡን ጫፍ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ ለዓመታት ሊያቆይልን ይችላል።

ተቃዋሚ፦ ለእንደዚያው ተክል አልከራከርም። ግን ላቦራቶሪዎች «ይህን ያህል ሺህ ችግኝ አወጣን» እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። በሽተኛ ችግኝ አይውጥም። ችግኙ ማሳ ላይ ካደገ በኋላ መድኃኒቱ ስንት እንደሆነ ተለክቶ ካልቀረበ ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም።

ደጋፊ፦ ይለካ። ግን ልኬቱ የእርስዎንም ማሳ ይጨምር። ከዘር ያበቀሉት ከእኔው ጎን ተተክሎ፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ወቅት ተሰብስቦ ይለካ።