ማስተካከያ፦ ስለ አንኮበሩ ቤትና ጓሮ

ባለፈው ሳምንት ስለ አንኮበር ጉዞዬ ስጽፍ፣ ኮረብታው አናት ላይ ያለው ቤት «ምኒልክ የኖሩበት ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቤቱ የድሮውን አሠራር ተከትሎ በዘመናችን የተሠራ ማረፊያ ነው። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ትንሽ የግንብ ቅሪት ነው። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነስቼ፣ የአጥር ፍራሽ መስሎኝ አልፌዋለሁ!

አንኮበርን ምኒልክ ቆረቆሯት ማለቴም ልክ አይደለም። ከእሳቸው በፊት አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠውባታል። ምኒልክ የተወለዱት ደግሞ አንጎለላ ነው፣ በ1836 ዓ.ም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የጓሮው ነገር ነው። ከኮረብታው ሥር ጎብኚ የሚቀበለውን አሮጌ ግቢ «ማዳበሪያ የሚባል ነገር የማይነካው ኦርጋኒክ እርሻ» ብዬዋለሁ። የግቢው ባለቤት እማማ ደውለው «ልጄ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ጎመን በጸሎት በቀለ?» አሉኝ። የማይገባው የፋብሪካው ማዳበሪያ ነው። እበት፣ አመድና የጎመን ግንጣይ ጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ይብላላል። ሲገለበጥ ይጨሳል፤ እጄን ሰድጄ ሙቀቱን አይቻለሁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ፣ ለአፈር ማትረፍ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱም ጌሾውም የሚበላው ያንን ነው።

ርቀቱንም ላርም። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልኩት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ 170 ይጠጋል። ጋቢ ያዙ።