አዳፕቲቭ ሳስፔንሽን ለአዳማ መንገድ
«ቅንጡ ኤስዩቪ የሚገዛ ሰው አዳፕቲቭ ሳስፔንሽን ሳያስጨምር መውሰድ የለበትም» የሚለው ጽሑፍ አልተዋጠልኝም። አዳፕቲቭ ሳስፔንሽን ማለት የመኪናውን ንዝረት አወሳሰድ እንደ መንገዱ የሚያስተካክል ሥርዓት ነው። ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቋል። አንደኛው ሞላው ያው ብረት ሆኖ አሞርዛተሩ (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) ብቻ በኤሌክትሪክ የሚጠብቅና የሚላላው ነው። ሌላው በብረት ሞላ ፋንታ የአየር ከረጢት ያለው ነው። ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከረጢቱ ጎማ ስለሆነ በዕድሜ፣ በሙቀትና በአቧራ ይሰነጠቃል። አየር ማፍሰስ ሲጀምር መኪናው ጠዋት አንድ ጎኑ ተኝቶ ይገኛል። ሞተር ሲነሳ ቀና ስለሚል ባለቤቱ ችላ ይለዋል፤ ከረጢቱን በአየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ግን ያለ እረፍት ሲነፋ ቆይቶ ይቃጠላል። ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ከላይ በአስተያየትህ «ፈጣን መንገዱ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል» ላልከው ወንድሜ፣ የአዲስ አዳማው መንገድ ለስላሳ ነው፤ ደህና ተራ አሞርዛተርም ይበቃዋል። የሚፈትንህ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶኑና ፍጥነት መቀነሻው ነው። እዚያ ደግሞ ከሁሉም በፊት ባለ 21 ኢንች ቸርኬውን ትተህ 19 ውሰድ። ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ብዙውን ንዝረት ራሱ ይውጠዋል። ቤተሰብና ዕቃ ጭነህ ሐዋሳ፣ ባሌ የምትመላለስ ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አሞርዛተር ግዛ፣ አልቃወምም። ከመፈረምህ በፊት ግን የአንዱን አሞርዛተር ዋጋና አገር ውስጥ ማን እንደሚገጥመው ጠይቅ።