ለክብር ብቻ የሚጫወቱ ሀብታሞች

እ.ኤ.አ. በ1882 የእንግሊዝ ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲያልቅ፣ አርተር ኪናይርድ የሚባል ባለጺም የሎርድ ልጅ በደስታ በእጁ ተገልብጦ ቆመ። ሸማኔ ቢያደርገው "አሳዳጊ የበደለው" ይባል ነበር። የሎርድ ልጅ ሲያደርገው ግን ጨዋታ አዋቂነት ነው።

ቡድኑ ኦልድ ኢቶኒያንስ ይባላል፤ ኢተን በሚባለው የባላባት ትምህርት ቤት የተማሩ የባለጸጋ ልጆች ስብስብ። የኳሱን ሕግ የጻፉትም መሰሎቻቸው ናቸው። በ1863 ለንደን አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ክፉኛ ያጨቃጨቃቸው፣ የባላጋራን ቅልጥም መጠለዝ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ነበር። ካልጠለዝንማ ወንድነቱ የታለ ባዮቹ የብላክሂዝ ክለብ ሰዎች አኩርፈው ወጡ። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚል ሰው ዱርዬ ነው።

በ1883 ፍጻሜ ግን ጉድ ፈላ። ከሰሜን የመጣው ብላክበርን ኦሊምፒክ ውስጥ ሸማኔ አለ፣ ፈታይ አለ፣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ። ይባስ ብለው ከጨዋታው በፊት ብላክፑል ባሕር ዳር ሄደው ተለማመዱ። ደቡብ ተቆጣ። ልምምድ! ጨዋ ሰው ኳስ ትዝ የሚለው ሜዳ ሲደርስ ነው እንጂ! ሠራተኞቹ በጭማሪ ሰዓት ኦልድ ኢቶኒያንስን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ይዘው ተሳፈሩ።

ቀጥሎ የደሞዝ ጣጣ መጣ። ባለ ባንኩ ኪናይርድ ለክብር ነው የምጫወተው ቢል ያምርበታል፤ ምሳው ቤት ይጠብቀዋል። ሸማኔው ከሥራ ከቀረ ግን ደሞዙ ይቆረጣል። ስለዚህ ክለቦች ጫማ ውስጥ ሳንቲም ይሸጉጡለት ነበር ይባላል። እስከ 1885 ድረስ ያቺ ሳንቲም ነውር ነበረች። ገንዘብ ነውር ነው የሚለን ሰው ምንጊዜም ገንዘብ የሞላው መሆኑ ይገርመኛል።

ተመልካቹስ? የ1850 የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። እነሱ ከወጡ ማሽኑን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ወንዱም ወጣ። ወዛደሩ እጁን ታጥቦ 9 ሰዓት ላይ ሜዳ ተገኘ። እኛም ቅዳሜ አመሻሽ ዲኤስቲቪ ቤት የምንጋፋው ያቺው 9 ሰዓት አዲስ አበባ ስትደርስ ስለሚመሽባት ነው። እዚያ ማንቼውና አርሴናሉ የትልቅ ቤት ልጅ ነኝ እየተባባሉ ይናናቃሉ። የአንዱን ክለብ የመሠረቱት የባቡር ሠራተኞች ናቸው፣ የሌላውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች። በክፍሉ ውስጥ ለክብር የማይሠራ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም በር ላይ ቆሞ መግቢያ ይሰበስባል።