የሁሉም ፍሳሽ በአንድ ቦይ? ክርክር ከጎንደር

ጎንደር ሥራ ትፈልጋለች። በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሳው ፋብሪካና ወርክሾፕ በአንድ ግቢ ሲሰበሰቡ ነው። ፍሳሹን፣ የእሳት መከላከሉንና የሠራተኛውን ደህንነት አንድ የጋራ አስተዳደር ይያዘው ወይስ እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ ይጠየቅ? ሁለት የከተማችን ሰዎች በዚህ ላይ በጽሑፍ ተመላልሰዋል። አንዷ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናት። ሌላው ሰሊጥና ኑግ የሚጨምቅ አነስተኛ ፋብሪካ ያላቸው ሰው ናቸው። እኔ መሃል ላይ አንዴ ገብቻለሁ፤ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ።

ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ ከሼዶቹ ልጀምር። እንጨት ሥራውና ብረታ ብረቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። በአንዱ በኩል ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ድረስ ተከምሯል። በሌላው በኩል በያጁ ቁጭ ብሎ ይበይዳል። ፍንጣሪው በክፍተቱ ያልፋል። እንጨት ሠሪውን ቢጠይቁት "እኔ እሳት አልነካም" ይልዎታል። እውነቱን ነው። በያጁም "እኔ ጋ የሚቀጣጠል ነገር የለም" ይላል። እሱም አልዋሸም። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ መካከሉን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የለም።

ፍሳሽም እንደዚሁ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ጸጉር ለማራገፍ ኖራና ሰልፋይድ ይጠቀማል። ያ ፍሳሽ ለብቻው ሲሄድ ጋዙ በውስጡ ታምቆ ይቆያል። ከሌላ ቤት ከመጣ አሲድ ጋር በአንድ ቦይ ሲገናኝ ግን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ጉድጓድ ሊጠርግ የወረደ ሠራተኛ እዚያው ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ጓደኛው ሊያወጣው ይወርዳል፤ እሱም ይቀራል። በየአገሩ ሲደጋገም የኖረ ሞት ነው። ቦዩ የማን ነው? አሲዱ የማን ነው? ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ዓይን ከሌለ መልስ አይገኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ማን ምን ኬሚካል እንደያዘ የሚያውቅ፣ የቦዮቹን ካርታ የያዘ፣ የእሳት ልምምድ የሚያደርግ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚያንቀሳቅስ አንድ አስተዳደር ይኑር። ወጪውን ሁሉም ይጋራው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጋራ ማጣሪያ የተሠራለት ገና ከጅምሩ ነው። የተጣራው ውሃ ተመልሶ ወደ ፋብሪካዎቹ እንዲገባ፣ ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ ተብሎ። ይቻላል ማለት ነው።

ባለቤቱ፦

ልጄ፣ ስለ ቆርቆሮው ያልሽውን አልክድም። ግን "የጋራ" ስትይ እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል።

የጋራ ማጣሪያ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ባክቴሪያ ነው። እንደ እርሾ በይው፤ ተንከባክበሽ ካልያዝሽው ይሞታል። አየር ይፈልጋል፣ አየሩን የሚነፋው ሞተር መብራት ይፈልጋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ጀነሬተር ከሌለ ያልቃል። ሞቶ እንደገና እስኪያንሰራራ ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሌላም አለ። ከእኔ ቤት የሚወጣው የማጠቢያ ውሃና ቅባት ነው። ፋጉሎውን ከብት አድላቢዎች ከበር ላይ ይወስዱታል። ቅባቱን ወጥመድ ሠርቼ እይዘዋለሁ። ጎረቤቴ ግን ሌሊት ክሮም የሚባለውን የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ቢለቅ ባክቴሪያው ይመረዛል፤ የኔም የሱም ሳይጣራ ይወጣል። ያኔ ሺንታ ወንዝ ዳር ሰው ሲጮህ ተጠያቂው ማነው? "ግቢው" ይባላል። ግቢው ማነው? የሚታሰር ሰው አለው? ፈቃዱ የሚነጠቅ ነው? የሁሉም የተባለ ነገር የማንም ሆኖ እንደሚቀር ስንት ቦታ አይተናል።

ሕጉ አሁን ጥሩ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ወጪውንም ይክፈል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደህንነት መሣሪያ የማቅረብና አደጋውን የማሳወቅ ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ስሜ ተጽፎ አለ። ጓንት ካልሰጠሁ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይህን ግዴታ ኮሚቴ ትከሻ ላይ አታውርጂልኝ። በኮሚቴ ስም የሚደበቀው ብዙ ነው።

ሀዋሳን ጠቀስሽ። እዚያ መንግሥት አስቀድሞ ገንብቶ ትልልቅ ጨርቃ ጨርቅ አምራቾችን ነው ያስገባው። የኛ ሰው በሼድ የሚሠራ፣ ብድር የሚከፍል ነው። ያን የሚያህል ማጣሪያ መብራቱን ብቻ መክፈል ያጎብጠዋል። ደግሞ ጣና የሚገባው ሁሉ ከፋብሪካ አይደለም። ሺንታም ቀሃም አንገረብም ዞረው መገጭን ያገኛሉ፤ መገጭ ጣና ይገባል። የከተማው የሽንት ቤት ፍሳሽና ከእርሻ የሚታጠበው አፈርም አብሮ ይሄዳል። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ላይ ሲታይ ሁላችንም ተጠያቂ ነበርን። ጣቱ ወደኛ ብቻ ሲቀሰር ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ ልግባ።

ጋሼ ያነሱት የመጠየቅ ጉዳይ ልቤን ነክቶታል፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ግን በሕንዷ ቦፓል የሆነውን ማስታወስ አለብን። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ሌሊት ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሳይኔት የሚባል መርዛማ ጋዝ ወጣ። ሺዎች ሞቱ። ፋብሪካው የአንድ ኩባንያ ነበር፤ ስሙ ይታወቃል፣ ተጠያቂም ነበረው። ሆኖም የማቀዝቀዣው ሥርዓት ተዘግቶ፣ ጋዙን ማቃጠል የነበረበት ማማ ለጥገና ቆሞ ነበር። አጥሩ ሥር የሚኖረው ሰው ጋዙ ምን እንደሆነና ወዴት መሸሽ እንዳለበት የነገረው አልነበረም። ተጠያቂ መኖሩ ከሞት በኋላ ለሚመጣው ክስ ጠቀመ እንጂ ለዚያች ሌሊት አልደረሰም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ1988 እ.ኤ.አ. ፋብሪካ፣ የአካባቢ አስተዳደርና ነዋሪ አብረው ለአደጋ የሚዘጋጁበትን አፔል የተባለ አሠራር ያመጣው ከዚህ በመነሳት ነው። የኛ ሼዶች ቦፓል አይደሉም። አጥሩ ሥር የሚኖር ሰው ግን እዚህም አለ።

ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ ባክቴሪያውን በተመለከተ ልክ ነዎት። የሙያውም ደንብ ይህንኑ ይላል። ክሮም የሚጠቀም ክሮሙን፣ ቅባት ያለው ቅባቱን በግቢው ውስጥ ሳይዝ ወደ ጋራ መስመር መግባት የለበትም። የርስዎ የቅባት ወጥመድ ይቀጥላል። የጋራ ማጣሪያ ቢሠራም ሕጉ ስምዎን አይሰርዝም።

የምጨምረው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቤት ከጋራው መስመር በፊት የራሱ የናሙና መቅጃ ጉድጓድ ይኑረው። ክዳኑ ይቆለፍ። ማጣሪያው ሲታመም ወደ ላይ እየሄድን ጉድጓድ በጉድጓድ ስንቀዳ ክሮሙን የለቀቀው ይገኛል። "ግቢው ማነው?" ላሉት መልሴ ይሄ ነው። ክፍያውም በውሃው ብዛትና በቆሻሻው ክብደት ይሁን። ቅባቱን የሚይዝ ባለ ዘይት ከባለ ቆዳ እኩል አይከፍልም።

ስለ ጣና ያሉት እውነት ነው። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ መኖሩ ግን የኛን አያሳንሰውም፤ በላዩ ነው የሚደረበው። እዚሁ ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒታሪያን ያሠለጠነው በምክንያት ነው። ሳኒታሪያን ምንጩንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ የቄራውንም ፍሳሽ አብሮ ያያል። እኔም የምሟገተው የግቢው ነገር ሁሉ አንድ ላይ እንዲታይ ነው።

ባለቤቱ፦

ክብደቱን ለክቶ ማስከፈሉን ወደድኩት። ይህን ቀድመሽ ብትዪኝ ኖሮ የመጀመሪያውን ግማሽ ባልጻፍኩ። የእሳቱንም ነገር እቀበላለሁ። የቆርቆሮው ግድግዳ በብሎኬት ይተካ፣ ሰጋቱራው ማታ ማታ ይውጣ፤ ለዚህ የሚጠየቅ የግቢ ሰው ይመደብ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

በማጣሪያው ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ናሙና ሲቀዳ በሁለት ጠርሙስ ይሁን። አንዱ ለአስተዳደሩ፣ አንዱ ታሽጎ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ውጤቱን ካላመንኩ ሌላ ላብራቶሪ እንዳስመረምር። ቁልፉም እኔ ጋ ይሁን። መቅጃው ቀንም አስቀድሞ ይነገረኝ። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ለምን እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ሁሉም ለውሃው ብሎ አይመጣም።

ባለሙያዋ፦

ሁለቱን ጠርሙስ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም በደንቡ ይጻፍ። ተቆጣጣሪው ጉቦ እንዳይጠይቅ ደግሞ ሁለት ሆነው ይምጡ፤ አንዱ ከባለ ፋብሪካዎቹ የተመረጠ ይሁን። ቁልፉን ግን ለባለቤቱ አልሰጥም። ቀኑም አስቀድሞ አይነገርም። እርስዎ ራስዎ "ጎረቤቴ ሌሊት ቢለቅ" ብለው ጽፈዋል ጋሼ። ሌሊት የሚለቅ ሰው የሚያዘው ሌሊት ነው።