ሳይገለጥ ይበል!

በቅኔ ቤት ደንብ ተማሪው ቅኔውን ዘርፎ ሲጨርስ ሰሙና ወርቁ የገባው ሰው «ይበል!» ይላል። ያልገባው ዝም ይላል። እንዴት ያለ አድካሚ ደንብ ነበር! መስማት፣ ሰሙን ከወርቁ መለየት፣ ከዚያ መፍረድ። እኛ ግን ዕድሜ ለሥልጣኔ ጣጣውን ሁሉ አስቀርተን በቀጥታ ከ«ይበል!» እንጀምራለን። መጽሐፉ የት ይሄዳል? ቆይቶም ይነበባል።

ይህን ጥበብ በዓይኔ ለማየት ባለፈው ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ ድረስ ሄጄ ነበር። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ወርጄ፣ ሌላ ሚኒባስ ተሰልፌ፣ አቧራዬን አራግፌ ለመጽሐፍ ምረቃ ደረስኩ። ጥሪው የሚለው 8 ሰዓት ነው። እኔም የአገሬን ወግ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ 9 ሰዓት ላይ ብቅ ብል፣ አዳራሹ ውስጥ ያገኘሁት ማይክሮፎን የሚሞክር ልጅና ባነር የሚሰቅሉ ሁለት ጎረምሶች ብቻ ነው። ባነሩ ላይ ስድስት የስፖንሰር አርማ ተደርድሯል። የደራሲው ስም ከታሸገ ውኃው አርማ ሥር ተሸጉጧል። የመጽሐፉ ርዕስ ግን በመጋረጃው እጥፋት ውስጥ ገብቶ ግማሹ አይታይም። ማንም አልተቸገረም።

አዘጋጁ ንባብን ለማስፋፋት የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም፤ እርሱን ብቻ ባመሰግን መሰሎቹ ይቀየሙኛል። በዓመት ሦስት ትልልቅ ሥራዎች አሉት፤ የንባብ ሳምንት ያካሂዳል፣ ደራሲን ከአንባቢ ያገናኛል፣ መጽሐፍ ይሸልማል። ሦስቱንም አንድ ገጽ ሳያስገልጥ መፈጸሙ ነው ተአምሩ።

የንባብ ሳምንቱ የሚከፈተው በእግር ጉዞ ነው። «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚል ነጭ ቲሸርት ይታደላል፤ ሰዉም በሰልፍ ሆኖ ከኮንዶሚኒየሙ በር እስከ አደባባዩ ይጓዛል። ንባብ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ይመስለን የነበርን ኋላ ቀሮች፣ የሳንባና የጉልበት ጉዳይ መሆኑን የተረዳነው በዚያ ጉዞ ነው። መዳረሻው የማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለት ጊዜ ተመርቋል፤ በመጀመሪያው ቀን የክብር እንግዳው አርፍደው ስለደረሱ ሪባኑ እንደገና ተገጥሞ ተቆረጠላቸው። መደርደሪያው መስታወት አለው፤ መስታወቱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ኃላፊ አለው፤ ኃላፊው ስብሰባ አለው። እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ እንዳየሁት፣ መጻሕፍቱ ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የመጡ ናቸው። ለኮዬ ፈጬ ልጅ ነገ ዛሬ የማይባልለት የበረዶ ሸርተቴ መማሪያ በሁለት ቅጽ ተቀምጧል። የሆነ አገር የግብር ሕግም አለ፤ አቧራ እንኳን አልነካውም።

ያለ ሪባን ሊያስነብቡ የሞከሩ ሰዎች በዚህ አገር አልጠፉም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍቱን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭነው ሕፃናቱ ወዳሉበት አደረሱ። ሕፃናቱም አነበቡ። ውጤቱን አልክድም፤ ጉድለቱን ግን ተመልከቱልኝ። አህያዋ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አታደርግም። ፎቶግራፍ ስትነሣ ወደ ካሜራው አትዞርም። ጋሪው በር የለውምና አይቆለፍም። መጽሐፍ እንዲህ እንደ ቅጠል ለማንም እጅ ከተሰጠ ክብሩ ወዴት አለ?

ወደ ምረቃው ልመለስ። የክብር እንግዳው 10 ሰዓት ላይ ገቡ፤ ገና ሳይቀመጡ ተጨበጨበ። የደራሲውን ስም ሁለት ጊዜ ስተው በሦስተኛው አገኙት። ከዚያ «ይህ ሥራ ከፍቅር እስከ መቃብር የማይተናነስ ነው» ሲሉ አዳራሹ ተናጋ። ያ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከልን፣ ከእኛ ውስጥ ብዙው ሰው ያነበበው በጆሮው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን እንዲህ በየሳምንቱ የሚስተካከላቸው ደራሲ ይገኛል። የክብር እንግዳው ሁለቱንም መጻሕፍት እኩል ስላላነበቡ ፍርዳቸው ከአድልዎ የጸዳ ነበር።

ቀጥሎ ዳሰሳ አቅራቢው ተነሡ። አርባ ደቂቃ! በሽፋኑ፣ በማውጫውና በጀርባው አስተያየት ላይ ብቻ አርባ ደቂቃ መናገር የሊቅ ሥራ ነው። እኔ መጽሐፍ ሙሉውን አንብቤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የምለው አላገኝም፤ ንባቡ ሐሳቤን ያጠብብኛል መሰለኝ። ሊቁ ሽፋኑ ጥግ ላይ ያለችውን ጥቁር ወፍ ጠቁመው፣ ከጎጆዋ የተሰደደች ነፍስ መሆኗን፣ ክንፏ የታጠፈውም ትውልዱ በመታጠፉ እንደሆነ ሲተነትኑ ከኋላዬ አንዲት ሴት ዕንባዋን ጠረገች። ኋላ ደራሲው መጽሐፌ ላይ ሲፈርምልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ወፍ አይደለችም፤ ማተሚያ ቤት ቀለም ፈሶ ነው» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ባለ አደጋ ነው የሚያድገው።

በዋሽንት የታጀበ ግጥም ቀረበ፤ ግጥሙ ረዘመ፤ ዋሽንቱ ደከመ። እልፍ እንበለው።

የዕለቱ ማዕረግ ጨረታው ነበር። የመጀመሪያዋ ቅጂ በቀይ ጨርቅ ተሸፍና ወጣች። አንድ ነጋዴ በ30 ሺህ ብር ገዟትና «ለማኅበሩ መልሼ ሰጥቻለሁ!» አሉ፤ ጭብጨባ። ሁለተኛው በ40 ሺህ ገዝተው መለሱ። ሦስተኛውም እንዲሁ። አንዲት መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ተሸጣ፣ አንድም ጊዜ ሳትገለጥ፣ በመጨረሻ የመድረኩ ጠረጴዛ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎባት ቀረች። ወዲያ ማዶ ደራሲው አለ። ወረቀት ከውጭ በሚመጣበት በዚህ ዘመን በራሱ ወጪ ካሳተማቸው 1,000 ቅጂዎች አብዛኞቹ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከአልጋው ሥር ተደርድረዋል። አልጋው ከፍ ስላለለት ወገቡን እንደተሻለው ነግሮኛል። እንግዲህ መጽሐፍ አይጠቅምም የሚል ይቅረብና ይከራከረኝ።

ሽልማቱም በዚያው ቀን ተጠቃለለ፤ አዳራሹ የተከፈለበት እስከ 12 ሰዓት ነበርና። ዘርፉ 12፣ ተወዳዳሪው 11 ስለነበረ አንዱ ሁለት ዋንጫ ወሰደ። ለዳኞቹ የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ለድምፅ ባለሙያው ተሰጠ፤ ለእኔም «ለላቀ ተሳትፎ» ተብሎ ተሰጠኝ። ተሳትፎዬ ለስላሳ መጠጣት ነበር፤ የላቀ ያደረገው ሁለተኛው ጠርሙስ ይመስለኛል።

ስወጣ በሩ ላይ ጭቅጭቅ አገኘሁ። መጽሐፎቹን ከእምብርቱ እስከ አገጩ ቆልሎ የታቀፈ አንድ አዟሪ ልግባ ይላል፤ ጥበቃው አይቻልም ይላል።

«ውስጥ የመጽሐፍ ዝግጅት ነው አሉኝ እኮ!»

«አዎ ነው። አንተ ግን መጽሐፍ ይዘህ መግባት አትችልም።»

ጥበቃው ልክ ነው። ያ ሁሉ ሰው ለብሶ፣ ተቀብቶ፣ ከየአቅጣጫው ሁለት ሚኒባስ ቀያይሮ በመጣበት አዳራሽ መካከል መጽሐፍ ቢያስገባ ደስታው ይደፈርስ ነበር። አዟሪው ቁልሉን ድንጋይ ላይ አወረደ፤ ከላይ ያለችውን መዘዘ፤ በሎተሪ ቲኬት ምልክት ያደረገበትን ገጽ ገልጦ ማንበብ ጀመረ። በአደባባይ! ያውም ጮክ ብሎ ሳያስጨበጭብ።

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ አስተባባሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ምረቃ አለን፤ ዳሰሳውን እርስዎ እንዲያቀርቡልን ፈልገን ነበር» አለች። መጽሐፉን መቼ እንደምትልክልኝ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች፤ የተቀየመች መሰለኝ። «መጽሐፉ እንኳን ገና ማተሚያ ቤት አልገባም። ዳሰሳውን ግን እስከ ዓርብ ቢልኩልን ባነሩ ላይ እንጠቅስልዎታለን።»

ሰባት ገጽ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሽፋኑ ላይ የሆነ ቦታ ወፍ እንዳትጠፋ ብቻ አደራ ብያታለሁ።