ሁሌ ቀድሞ የሚቆረጠው የልጆች ነው

ኢኮኖሚው በተዳከመ ቁጥር የመንግሥት ትምህርት ቤት በጀት ይቆረጣል። አንጀቴ እርር ይላል! ገበያ ሲቀዘቅዝ የግብር ገቢ ይቀንሳል፣ ይገባኛል። ልጆቹ ግን አልቀነሱም። እንዲያውም የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ያቃተው ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይመጣል። አብዛኛው በጀት ደመወዝ ስለሆነ መቀሱ የሚያርፈው መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ላይ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይሆናል። መሃል ያለው ያነባል፣ ዳርና ዳር ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 አገሮች በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቼን ከተማ ተሰብስበው ከመንግሥት ወጪ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶው ለትምህርት ይመደብ ብለው ነበር። የት ደረሰ? መንገድ ቢዘገይ በኋላ ይሠራል። የሰባት ዓመቷ ልጅ ግን ማንበብ መማር ያለባት አሁን ነው። «ኢኮኖሚው እስኪያገግም» ማለት ምን ማለት ነው? እሷ እኮ ያኔ አድጋለች።