መሪ ያልታየበት የቀጥታ ስርጭት

በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 25 ቀን 1967 እሑድ ነበር። በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1959 ዓ.ም.። ያን ምሽት 14 አገሮች ካሜራቸውን በሳተላይት አገናኝተው «ዓለማችን» የተባለ አንድ ፕሮግራም በቀጥታ አስተላለፉ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የተመልካቹ ቁጥር ከ400 እስከ 700 ሚሊዮን ይገመታል።

ብዙ ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው በእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን በቢትልስ ነው። ልክ ነው፣ ከሎንዶን ስቱዲዮ ሆነው ለዚሁ ምሽት የተዘጋጀ የፍቅር ዘፈን ተጫውተዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አዘጋጆቹ ሁለት ሕግ አውጥተው ነበር። ሁሉም ነገር በቀጥታ ይተላለፋል፤ ፖለቲከኛም ሆነ የአገር መሪ አይሳተፍም።

ታዲያ ምን ታየ? በጃፓን፣ በዴንማርክ፣ በሜክሲኮና በካናዳ ገና የተወለዱ ሕፃናት። ሜልበርን ላይ ጎህ ሳይቀድ ሥራ የሚጀምሩ ትራሞች። ኦስትሪያ፣ ሊንዝ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች። ቶኪዮ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ የሚሠሩ ሰዎች። የስፔን ዓሣ አጥማጆች። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ የሙዚቃ አቀናባሪው ሊዮናርድ በርንስታይንና ፒያኖ ተጫዋቹ ቫን ክላይበርን ልምምድ ላይ ነበሩ። የሰው ውሎ ነው፣ በቃ።

በዚያው ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰንና የሶቭየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮሲጊን ኒውጀርሲ ውስጥ፣ ግላስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ እየተነጋገሩ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ዜና ከየት ይመጣል? ካሜራው ግን የተገናኙበትን ቤት ከውጭ አሳይቶ አለፈ። ለእነሱ ሲባል ሕጉ አልተጣሰም። ይህን ድፍረት በጣም ነው የማከብረው።

ፖለቲካው ግን በጓሮ በር መግባቱ አልቀረም። የእስራኤልና የአረብ አገሮች የስድስቱ ቀን ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። ሶቭየት ኅብረትና አራት የምሥራቅ አውሮፓ አጋሮቿ ምዕራባውያን በጦርነቱ የያዙትን አቋም ተቃውመው፣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከፕሮግራሙ ወጡ።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። ከአፍሪካ የተሳተፈችው ቱኒዚያ ብቻ ናት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የሳተላይት ጣቢያም አልነበረንም። ዛሬ ግን ምን ሰበብ አለ? ማንም ሰው ገበያ መሀል ቆሞ በእጅ ስልኩ ላይቭ ይገባል። ጣቢያዎቻችን «በቀጥታ» ሲሉን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው አዳራሽ፣ መድረክና የመክፈቻ ንግግር ነው።

እስቲ ለአንድ ምሽት ይሞከር። ከዳካር፣ ከካይሮ፣ ከናይሮቢና ከሉሳካ ጣቢያዎች ጋር ተገናኝተን። እኛ ከጎንደር የማዋለጃ ክፍል እናሳይ፤ ከመርካቶ ጭነት አውራጆችን፣ ከአርባ ምንጭ ዓሣ አጥማጆችን። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሚኒስትሮቻችንም ያን ምሽት እንደ ሌላው ሰው ቤታቸው ሆነው ይመልከቱ።